የማርጀት መብት የተነፈገው ምሰሶ

በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት የሚኖሩት የሃይስላ ሰዎች ለሟች ወገኖቻቸው ረጅም የእንጨት ምሰሶ ቀርጸው የማቆም ልማድ አላቸው። ምሰሶው አይመለክም፤ የአንድን ቤተሰብ ታሪክ፣ ማዕረግና ሐዘን የሚመሰክር መታሰቢያ ነው። ዝናብ ያረጥበዋል፣ ሻጋታ ይበላዋል፣ አንድ ቀንም ይወድቃል። ሲወድቅ መልሶ የሚያቆመው የለም፤ ወደ አፈር መመለሱ የተሠራበት ዓላማ ፍጻሜ ነውና።

አለቃ ግፕስጎሎክስ እ.ኤ.አ. በ1872 ያስቀረጸው ምሰሶ ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም። ፈንጣጣ ወገኖቹን ከጨረሰበት በኋላ ያቆመው ይህ መታሰቢያ፣ በ1929 ከቆመበት ተቆርጦ ወደ ስዊድን ተጫነ። የወሰደው የስዊድን ቆንስል የካናዳ ባለሥልጣናትን ፈቃድ ይዞ ነበር። ሃይስላዎች ግን እኛ አልፈቀድንም ይላሉ።

ምሰሶው በስቶክሆልም የኤትኖግራፊ ሙዚየም ንብረት ሆኖ አሥርተ ዓመታት አለፉ። ሃይስላዎች የት እንዳለ አውቀው እንዲመለስላቸው ከጠየቁ በኋላ፣ የስዊድን መንግሥት በ1994 ተስማማ። በምትኩም ሃይስላዎች አዲስ ቅጂ ቀርጸው ለሙዚየሙ ሰጡ። ሆኖም ሙዚየሙ አንድ ነገር አጥብቆ ፈለገ፤ ምሰሶው ሙቀቱና እርጥበቱ በሚመጠን ሕንፃ ውስጥ እንዲቀመጥ።

እዚህ ላይ ሁለት አደራዎች ተጋጩ። የቅርስ ጥገና ባለሙያው እንጨቱን ከነፍሳት፣ ከእርጥበትና ከብርሃን መከላከል የሙያ ግዴታው ነው፤ ቅንነቱም አይጠረጠርም። ለሃይስላዎች ግን ቅርሱ እንጨቱ ብቻ አይደለም። የቀረጸው እጅና የእጁ ዕውቀትም ቅርስ ናቸው። አሮጌው ካልወደቀ ወጣቱ አዲስ ለመቅረጽ ምን ያነሣሣዋል? ለሙዚየሙ የተሰጠው ቅጂ በሃይስላ ቀራጮች መሠራቱ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይመስላል።

ለሙስሊም አንባቢ ይህ ሐሳብ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። ነገሩ በክብር የሚነጻጸር ባይሆንም፣ አርጅቶ መነበብ ያቃተው ሙስሐፍ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ እግር በማይረግጠው ስፍራ ሲቀበር የቸልተኝነት ሳይሆን የአክብሮት ሥራ መሆኑን ያውቃል። በሌላ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 በሰንዓ ታላቁ መስጊድ ጣሪያ ውስጥ የተገኙት ጥንታዊ የቁርኣን ብራናዎች በዚሁ ልማድ ገለል ተደርገው የተቀመጡ እንደነበሩ ይታመናል፤ ባለሙያዎች ባይጠግኗቸው ኖሮ የዛሬው ትውልድ ባላያቸውም ነበር። የጥበቃ ሙያ ጥቅም ስለዚህ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ጥያቄው የመወሰን ሥልጣኑ የማን ነው የሚለው ነው።

ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብ ቅዱስ የሚባሉ ዕቃዎች የባለቤቶቻቸውን እምነትና ጥቅም ባከበረ መንገድ እንዲያዙ ያዛል። የተባበሩት መንግሥታት በ2007 ያጸደቀው የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫም ያለ ፈቃዳቸው የተወሰደባቸው የባህል ሀብት ጉዳይ መፍትሔ እንዲያገኝ ይጠይቃል። ደንብ መጻፍ ግን ከመጋዘን ቁልፍ መስጠት ይቀላል። ከስምምነቱ በኋላ እንኳ ምሰሶው አገሩን ለመርገጥ 12 ዓመት ፈጅቶበታል።

በ2006 ሲመለስ መጀመሪያ ያረፈው በኪቲማት ከተማ በሚገኝ የገበያ ማዕከል ውስጥ ነበር፤ ሙዚየሙ የፈለገውን ዓይነት ሕንፃ መሥራት ለሃይስላዎች ከባድ ወጪ ነበርና። በኋላ ግን ወደ አያቶቹ ምድር ተወስዶ፣ እንደ ልማዱ ቀስ በቀስ አፈር እንዲሆን ተተወ።