ክሮተኑን የገደለው ጥማት አይደለም

ክሮተን ከችግኝ መሸጫ ተገዝቶ ቤት በገባ ሰሞን ቅጠሉን ማርገፍ ይጀምራል። ያን ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ባለሙያ ነው፤ ምክሩም አንድ ነው፦ «ጠምቶት ነው፣ አጠጪው እንጂ!» በዚህ ምክር ስንት ክሮተን ሲሞት አይቻለሁ።

እርግጥ ነገሩ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ተክሉ የማሌዥያ፣ የኢንዶኔዥያና የፓስፊክ ደሴቶች ተወላጅ ስለሆነ ዝናብና ወበቅ ለምዷል፤ ውሃ ሲያጥረውም ይጠወልጋል። አዲስ ቤት ገብቶ የሚያረግፈው ግን ብርሃኑ፣ ሙቀቱና የአየሩ እርጥበት ስለተለወጠበት ነው። ከቦታ ቦታ ሳያንከራትቱት ቢተዉት ብዙውን ጊዜ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ሥር ከውሃ ሌላ አየርም ይፈልጋል። አፈሩ ሁልጊዜ ከጨቀየ አየር መግቢያ ያጣና ሥሩ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል፣ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል። ባለቤቲቱ ይህን አይታ ሌላ ጣሳ ትጨምራለች! ከታች ቀዳዳ የሌለው የሚያብረቀርቅ ማሰሮ ሸጠው «በየቀኑ አጠጡት» የሚሉ ነጋዴዎችማ ያናድዱኛል። ጣትዎን 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈሩ ውስጥ ያስገቡ። ከደረቀ ብቻ፣ ከታች እስኪወጣ ያጠጡ፤ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ይድፉ። በክረምት ደግሞ ይቀንሱ።

አዲስ አበባ ላይ ብርዱም አለ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ክሮተን ግን ከ15 በታች አይመቸውም። በረንዳ ያደረ ተክል ሲያረግፍ ከብርድ ይሁን ከውሃ መለየት እኔንም ግራ የሚያጋባኝ ጊዜ አለ። ያኔም ጣሳ ከማንሳት አፈሩን መንካት ይቀድማል።

የቅጠሉ ቀለም ሲደበዝዝ ማዳበሪያ የሚያሸክሙት አሉ። የጎደለው ብርሃን ነው፤ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ ያስጠጉት። ቅጠሉን በወተት ወይም በዘይት መወልወልም አቧራ ከመሰብሰብ በቀር አይፈይድም፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል። «ሌሊት አየራችንን ይጨርሳል» ለሚሉት፣ አጠገባቸው የተኛው ሰው ከማሰሮው ተክል ይበልጥ ኦክስጅን ይወስዳል።

ይልቅ ማንም የማያነሣው ፈሳሹ ነው። ክሮተን የቁልቋልና የጉሎ ወገን ስለሆነ፣ ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳ ያሳክካል፤ ቢበላም ሆድ ያውካል። ሲከረክሙት ጓንት ያድርጉ፤ የሚድህ ልጅ ካለ ከፍ አድርገው ያስቀምጡት።