ትንንሽ ባለ ሁለት ምት ኤንዱሮዎች፦ አሠራራቸውና አያያዛቸው

ኤንዱሮ ለድንጋይ፣ ለጭቃና ለዳገት የሚሠራ ሞተር ሳይክል ነው። ከሞቶክሮስ የሚለየው መብራት ስላለው እንደየአገሩ ሕግ በመኪና መንገድም መሄድ በመቻሉ ነው። ከ125 እስከ 200 ሲሲ ያሉት ባለ ሁለት ምቶች በዚህ ዘርፍ ብዙ ወዳጅ አፍርተዋል። የኦስትሪያው ኬቲኤም 200 ኢኤክስሲ የሚታወቅ ምሳሌ ሲሆን፣ በኋላ የመጣው 150 ኢኤክስሲ ያለ ነዳጅ 100 ኪሎ አይሞላም።

የቅለቱ ምንጭ ሞተሩ ነው። ባለ አራት ምቱን የሚያከብዱት ቫልቮላዎችና እነሱን የሚያንቀሳቅሱት ክፍሎች እዚህ የሉም። ፒስተኑ ራሱ ሲወጣና ሲወርድ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ይከፍታል፣ ይዘጋል። ባለ አራት ምቱ ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር አንዴ ሲያቃጥል፣ ይህኛው በየዙሩ ያቃጥላል። ስለዚህ ትንሽ ሲሊንደር ከመጠኑ በላይ ጉልበት ያወጣል። ያም ሆኖ ገደል አፋፍ ላይ የወደቀን ሞተር ብቻውን ማንሳት ላለበት ሰው ከፈረስ ጉልበቱ ይልቅ የሚበጀው ቅለቱ ነው።

ሆዱ የተነፋው ማርሚታ ለጌጥ አልተሠራም። የጭሱ ግፊት ሞገድ ከማርሚታው ጠባብ ጫፍ ተመልሶ፣ ሊያመልጥ የነበረውን ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። ይህን ዘዴ በ1950ዎቹ በምሥራቅ ጀርመኑ ኤምዜድ ፋብሪካ ያራቀቀው መሐንዲሱ ቫልተር ካደን ነው። ሞገዱ በሰዓቱ የሚደርሰው ግን በተወሰነ የዙር ፍጥነት ብቻ ስለሆነ፣ ትንሹ ሞተር ከታች ደካማ ሆኖ ቆይቶ በድንገት ይፈነጠራል። የጭስ መውጫውን ከፍታ እንደ ዙሩ የሚቀያይረው ፓወር ቫልቭ ይህን ጠባይ በእጅጉ አለዝቦታል። ቢሆንም ነጂው በማርሽና በፍሪሲዮን ዙሩን ከፍ አድርጎ መያዝ አለበት።

ካርቡራተር ባላቸው ኤንዱሮዎች ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው። በ1 ለ50 ድብልቅ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ይጨመራል፤ ትክክለኛው መጠን ከአምራቹ መመሪያ ይወሰዳል። ነዳጅ ካልገባ ዘይትም አይገባም ማለት ነው። እንደ አባይ በረሃ ያለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ጋዝ ዘግቶ በማርሽ እየያዙ መውረድ ፒስተኑን ሊያስነክስ ይችላል። በየመሐሉ ፍሪሲዮን ይዞ ጥቂት ጋዝ መስጠት ያድነዋል። ሞተሩ ማርሽ ላይ ሆኖ ፍጥነት የመያዝ አቅሙ ትንሽ ስለሆነም ፍሬኖቹ ሁልጊዜ ደኅና መሆን አለባቸው።

ከፍታም ሌላ ጣጣ አለው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ሞተሩ ይጨሳል፣ ይታፈናል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። መፍትሔው የቤንዚን ማሳለፊያውን ቀዳዳ ማሳነስ ነው። በዚያው ቀዳዳ ወደ አፋር መውረድ ግን የባሰ ነው፤ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፒስተኑም ሊቀልጥ ይችላል።

ኬቲኤም በ2018 ሞዴሎቹ ነዳጅ የሚረጭ ኢንጀክሽን በ250 እና በ300 ሲሲዎቹ ላይ አመጣ፤ 150ው ለ2020 ተከተለ። ሴንሰሮቹ የአየሩን ግፊት እየለኩ ነዳጁን ይመጥናሉ፤ ዘይቱም በራሱ ፓምፕ ስለሚገባ መደባለቅ ቀርቷል። ፒስተኑና ፋሻው ግን በካርቡራተሩም በኢንጀክሽኑም በሠሩበት ሰዓት ልክ መቀየር አለባቸው። የሚፈታው ዕቃ ጥቂት በመሆኑ ሥራው ከባለ አራት ምቱ ይቀላል።