ያውቁ ኖሯል? መድፈኞቹ ከልባቸው የማያወጧቸው ሰዎች!

ቅዳሜ ከሰዓት ቀይና ነጭ ማልያዎን ለብሰው ዲኤስቲቪ ቤት የፊት ወንበር የሚይዙ ከሆነ፣ የዛሬው ዓምድ የእርስዎ ነው! የአርሰናል ደጋፊ ስማቸውን በጠራ ቁጥር ዓይኑ የሚያበራላቸውን የድሮ ተጫዋቾች እነሆ! (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

መብረር የሚፈራው ሰው ሐውልቱ የተሠራው አየር ላይ እንዳለ ነው! ዴኒስ በርካምፕ አውሮፕላን አይሳፈርም ነበር። ቡድኑ ለአውሮፓ ጨዋታ ሲበር እሱ ወይ በመኪና ይከተላል፣ ወይ ቤቱ ይቀራል! በ2014 ከኤምሬትስ ስታዲየም ውጭ የቆመለት ሐውልት ግን እግሮቹ መሬት ለቀው ኳስ ሲያበርድ ያሳየዋል!

ስሙስ? ወላጆቹ ዴኒስ ያሉት በማንችስተር ዩናይትዱ ዴኒስ ሎው ነው! አንድ ፊደል ብቻ ተጨምሮበታል። የአርሰናሉ ጀግና የዩናይትድ ሞክሼ!

ቲየሪ ሄንሪ በ1999 ለንደን ሲደርስ የክንፍ ተጫዋች ነበር! በመጀመሪያዎቹ ስምንት ጨዋታዎቹ አንድም ጎል አላገባም! ሲለቅ 226 አድርሷቸው ነበር! በ2008 ደጋፊዎች 50 የክለቡን ታላላቆች ሲመርጡ አንደኛ የወጣውም እሱው ነው። በርካምፕ ሁለተኛ፣ ቶኒ አዳምስ ሦስተኛ!

226 ካሉ 228 የሚል ሰው ይመጣብዎታል። እሱም ልክ ነው! ሄንሪ በ2012 መጀመሪያ ከኒውዮርክ በውሰት ሲመለስ የነሐስ ሐውልቱ ከስታዲየሙ ውጭ ቆሞ ነበር። ሐውልቱን አልፎ ገብቶ የሚጫወት ሰው ያውቃሉ? ሊድስ ላይ ተቀይሮ ገባና አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ አገባ! በሌላ ጨዋታ ደግሞ አንዲት ጨመረ!

ቶኒ አዳምስ የአምበልነቱን ጨርቅ ያሰረው በ21 ዓመቱ ነው! በ1989፣ በ1991፣ በ1998፣ በ2002 ሊጉን አንሥቷል። ሰማንያዎቹ፣ ዘጠናዎቹ፣ ሁለት ሺዎቹ፤ አምበሉ ያው አንድ ሰው!

ኢያን ራይት የፕሮፌሽናል ውል የፈረመው 22 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው! እስከዚያ በግንባታ ሥራ ነበር የሚያድረው። በዚያ ዕድሜ ብዙ ተጫዋች መቶ ጨዋታ አልፏል!

ራይት መስከረም 1997 ቦልተን ላይ አንድ ጎል አገባና ማልያውን ወደ ላይ ገለጠ። ውስጥ የለበሰው ካናቴራ 179 ጎሎችን ማግባቱን ያውጃል! ግን ቸኩሏል! ያቺ 178ኛዋ ነበረች፤ ከክብረ ወሰኑ ባለቤት ከክሊፍ ባስቲን ጋር እኩል ያደረገችው ብቻ! ደግነቱ ከደቂቃዎች በኋላ እዚያው ጎል አፍ ላይ ኳስ አገኘና መታት። 179! ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየ ክብረ ወሰን ተሰበረ፤ ራይትም በዚያው ጨዋታ ሦስተኛውን አከለ!

ለእኔ ግን ከጎሎቹ ሁሉ የሚበልጠው ሌላ ነው። ራይት ልጅ ሳለ የሚያቅፈው አባት አልነበረውም፤ ያቀረቡት አንድ መምህሩ ነበሩ። ሞተዋል ብሎ ያምን ነበር! በ2005 ሃይበሪ ስታዲየም ውስጥ ለቴሌቪዥን ሲቀረጽ ከበስተጀርባው ስሙን የሚጠራ ድምፅ ሰማ። ዞረ። መምህሩ! ዝነኛው አጥቂ መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰልዎት? ኮፍያውን አወለቀ! እንደ ተማሪ! ከዚያ አቅፏቸው አለቀሰ።

ቴድ ድሬክ በታኅሣሥ 1935 ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ አስቶን ቪላ ሜዳ ገባ። ውጤቱ 7 ለ 1! ሰባቱንም ያገባው እሱ ብቻውን!

ጆ ሜርሰር የአርሰናል አምበል ሆኖ ልምምድ የሚሠራው ሊቨርፑል ሜዳ ላይ ነበር! ቤቱ እዚያው አካባቢ ስለሆነ። በ1950 የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ማንን ገጠመ? ሊቨርፑልን! አርሰናል 2 ለ 0 አሸነፈ!

ግንቦት 26፣ 1989። አርሰናል ዋንጫውን የሚበላው አንፊልድ ላይ በሁለት ጎል ልዩነት ካሸነፈ ብቻ ነው። ባከነ ሰዓት ላይ ማይክል ቶማስ ሁለተኛዋን አገባ! ሦስት ዓመት ቆይቶ ያው ቶማስ በኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ጎል አስቆጠረ። ለማን? ለሊቨርፑል!

ንዋንኮ ካኑ በ1996 የልብ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት! በ1999 ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ቼልሲ 2 ለ 0 እየመራ ሩብ ሰዓት ሲቀር ሦስት አከታተለ! ሦስተኛዋን ከጎሉ ጎን፣ ማዕዘን ከሌለበት ቦታ!

ዴቪድ ሮካስል፣ የደጋፊው «ሮኪ»፣ በ33 ዓመቱ ያረፈው መጋቢት 31፣ 2001 ጠዋት ነው። በዚያው ቀን ከቶተንሃም ጋር ደርቢ ነበር። ሮበርት ፒሬስ አገባ። የፒሬስ ቁጥር ሰባት! የሮኪ ቁጥር!

ፓትሪክ ቪዬራ ለአርሰናል የመታት የመጨረሻዋ ኳስ ዋንጫ አምጥታለች! የ2005 ኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ዩናይትድ ላይ፣ የመለያ ምት!

የንስ ሌማን ያለ ሽንፈት ባለቀው የ2003/04 ሊግ ከ38ቱ ጨዋታ አንዱም አላመለጠውም!

የኛው ልጅም አለ! በርሊን ላይ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ጌዲዮን ዘላለም በጥር 2014 ኮቨንትሪ ላይ ተቀይሮ ገባ። 17 ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው! አርሴን ቬንገር አርሰናልን ከያዙ በኋላ ተወልዶ ለዋናው ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ተጫዋች እሱ ነው! አዲስ አበባ ያለ ደጋፊ በዚያ ምሽት እንዴት እንቅልፍ ይውሰደው?

ሳንቲ ካዞርላን ይናፍቃሉ? የማዕዘን ምት በግራውም በቀኙም ይመታ ነበር! ከዚያ የቁርጭምጭሚቱ ቁስል አመረቀዘና የተረከዙን ጅማት ስምንት ሴንቲሜትር በላው። ሐኪሞቹ ከልጅህ ጋር ግቢ ውስጥ ከተንሸራሸርክ ይበቃሃል አሉት! ለቁርጭምጭሚቱ ቆዳ የተወሰደው ከክንዱ ነው፤ ክንዱ ላይ ደግሞ የሴት ልጁ ስም ተነቅሷል። የስሟ ቁራጭ ዛሬ እግሩ ላይ ነው! እናም በዚያ እግር ኳስ ተጫወተ። ወደ ልጅነት ክለቡ ኦቪዬዶ በዝቅተኛው ደሞዝ ተመለሰ። በሰኔ 2025 ኦቪዬዶ ከ24 ዓመት በኋላ ወደ ላሊጋ ሲያልፍ በመጨረሻው ጨዋታ ከጎል አግቢዎቹ አንዱ ማን ነበር? ካዞርላ! በ40 ዓመቱ!