በአሳማ አካል የሚገኘው አሚሎይድ ከየትኛው ፕሮቲን ነው?

አሚሎይድ ማለት ቅርጹ ተበላሽቶ በሕዋሳት መካከል የሚከማች የፕሮቲን ዝቃጭ ነው። በአሳማ ላይ ሲደርስ በጣፊያ፣ በጉበትና በኩላሊት ውስጥ ይጠራቀማል፤ እየበዛ ሲሄድም የእነዚህን ብልቶች ሥራ ያውካል። ስሙ ግን ያሳስታል። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሖ በ1854 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዝቃጩ አዮዲን ሲነካው እንደ ስታርች ቀለሙን ስለ ለወጠ «ስታርች መሰል» ሲል ሰየመው። በ1859 ዓ.ም. ፍሪድራይኽና ኬኩሌ መርምረው ከፕሮቲን ወገን መሆኑን አሳዩ፤ የቀድሞው ስም ግን እስከ ዛሬ ጸንቶ ቀርቷል።

አሚሎይድ መኖሩን ለማወቅ ከብልቱ በስሱ የተቆረጠ ናሙና ኮንጎ ሬድ በተባለ ቀለም ይነከራል። ከዚያም በፖላራይዝድ ብርሃን፣ ይኸውም ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚርገበገብ ብርሃን፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ዝቃጩ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ይህ ምልክት አሚሎይድ መኖሩን ይነግረናል እንጂ ከየትኛው ፕሮቲን እንደ ተሠራ አይነግረንም። በሰው ብቻ እንኳ አሚሎይድ የሚሆኑት ፕሮቲኖች ከ30 ይበልጣሉ።

ዓይነቱን መለየት ስለ ምን ያስፈልጋል? ኤ.ኤል. የተባለው ዓይነት ምንጩ አንቲቦዲ የሚሠሩ ሕዋሳት ናቸው። ኤ.ኤ. የተባለው ግን የሚመጣው ሴረም አሚሎይድ ኤ ከሚባለው ፕሮቲን ነው፤ ይህንንም ሰውነት ሲቆስል ወይም በተሕዋስያን ሲጠቃ ጉበት አብዝቶ ወደ ደም ይልከዋል። ስለዚህ ኤ.ኤ. የተገኘበት አሳማ ለብዙ ጊዜ የቆየ ቁስል ወይም ኢንፌክሽን እንዳለበት መጠርጠር ይገባል።

ለመለየት የሚያገለግሉት መንገዶች በርካታ ናቸው። ናሙናው አስቀድሞ በፖታሲየም ፐርማንጋኔት ቢታከም ኤ.ኤ. ኮንጎ ሬድን መያዝ ይተዋል፤ ኤ.ኤል. ግን እንደ ያዘ ይቀራል። ይህ ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። በአንቲቦዲ መፈተሽ ከዚህ ይሻላል፤ ሆኖም ለሰው ፕሮቲን የተዘጋጀ አንቲቦዲ የአሳማውን ላያውቀው ስለሚችል፣ ምልክት አለማሳየቱ ብቻውን ፕሮቲኑ የለም አያሰኝም። ከሁሉም የሚታመነው ዝቃጩን ከብልቱ ለይቶ አውጥቶ የአሚኖ አሲዶቹን ተራ ማንበብ ነው። በ2005 ዓ.ም. በታተመ ጥናት መላ አካሉ በአሚሎይድ የተጠቃ አሳማ በኬሚካል መንገድ ተመርምሮ ዝቃጩ ኤ.ኤ. ሆኖ ተገኝቷል።

እንግዲህ መርማሪው በመዝገቡ ላይ «አሚሎይድ» ብሎ ብቻ ቢጽፍ ሥራው እኩሌታ ነው። የፕሮቲኑን ዓይነት ጨምሮ ሲጽፍ ግን የእንስሳት ሐኪሙ በቀሩት አሳማዎች ላይ ምን መፈለግ እንዳለበት ያውቃል።