ቆቅና የገበሬው ማሳ

በመናገሻ አካባቢ፣ በሱሉልታ ሜዳና በወጨጫ ተራራ ግርጌ፣ ቆቅ ማለዳና ማታ ከቁጥቋጦ እየወጣች በማሳ ዳር ትመገባለች። የተዘራ ስንዴና ገብስ ጭራ ስለምታወጣ፣ ሥጋዋም ስለሚወደድ፣ በወጥመድ ትያዛለች። ይሁን እንጂ ነፍሳትንና የአረም ፍሬንም የምትለቅም በመሆኗ ጥቅሟ መዘንጋት የለበትም።

አደን፦ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። ቆቅ እንቁላሏን የምትጥለው መሬት ላይ ስለሆነ በቀላሉ ይለቀምባታል። በጀማ ሸለቆና በአካባቢው የምትኖረውን፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማትገኘውን የቆቅ ዓይነት፣ አደን፣ እንቁላል ለቀማና የቁጥቋጦ ምንጠራ ያሰጓታል።

ዘርን ለመከላከል፦
1. ዘሩ እንደተበተነ ወዲያውኑ አፈር ይልበስ።
2. ቡቃያው እስኪጠና ድረስ የማኅበሩ አባላት ማለዳና ማታ ማሳውን በተራ ይጠብቁ።
3. መርዝ የተቀላቀለበት እህል ፈጽሞ አይበተን፤ በመድኃኒት የታሸ ዘርም ሳይሸፈን አይደር። መርዝ የበላች ቆቅ ተይዛ ለወጥ ብትቀርብ ቤተሰቡን፣ ሜዳ ላይ ብትሞት ውሻውንና ጥንብ አንሳውን ልትጎዳ ትችላለች።

የልማት ሠራተኛው ይህን የዘር ወቅት ከመድረሱ በፊት በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሊያስረዳ ይገባል።