ባለሁለት ወንበሯን ሸጦ ኮሮላ መግዛት

ከአሌክሳንድሪያ ወይም ከስፕሪንግፊልድ ተነሥቶ ዋሽንግተን ዲሲ የሚሠራ ሰው መንገድ 395ን ጠዋት ጠዋት ያውቃታል፤ አንድ እርምጃ መሄድ፣ ሁለት እርምጃ መቆም ነው። ኒሳን 350ዚ ለዚህ ዓይነት መንገድ አልተሠራችም። ከ2003 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠችው ይህች መኪና ሁለት ወንበር ብቻ፣ ባለ 3.5 ሊትር ሞተር፣ መጀመሪያ ላይም 287 የፈረስ ጉልበት ነበራት። በወጣትነታቸው ገዝተዋት እስካሁን ያልተለዩዋት የአገራችን ልጆች ጥቂት አይደሉም። አሁን ግን ፍሪሲዮን ሲረግጡ የሚውሉበት ጉልበታቸው መታመም ጀምሯል፤ ልጅም ተወልዷል። ስለዚህ ኮሮላ ሃይብሪድ እንግዛ ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል።

ብዙ ሰው ሒሳቡን ከቤንዚን ይጀምራል። እኛም እንጀምር። በዓመት 12 ሺህ ማይል ይነዳሉ እንበል። 350ዚ በአንድ ጋሎን በአማካይ 20 ማይል ያህል ትሄዳለች፤ በዓመት 600 ጋሎን ማለት ነው፣ ያውም አምራቹ የሚመክረው ውዱን ፕሪሚየም። ኮሮላ ሃይብሪድ በመንግሥት መለኪያ በጋሎን 50 ማይል ስለምትሄድ 240 ጋሎን ተራ ቤንዚን ይበቃታል። ፕሪሚየሙ 4 ዶላር፣ ተራው 3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ቢሆን፣ አሮጌዋ 2,400፣ አዲሷ 768 ዶላር ትጠጣለች። ትርፉ በዓመት 1,632፣ በወር 136 ዶላር ነው።

ደስ ይላል፤ ግን መኪናዋ በነጻ አትሰጥም። 25 ሺህ ዶላር በ7 በመቶ ወለድ ለአምስት ዓመት ቢበደሩ በየወሩ 495 ዶላር ይከፍላሉ። 136 ለማትረፍ 495 ማውጣት እንግዲህ ቁጠባ አይባልም። «ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ ገዛሁ» የሚለውን ወሬ ስሰማ ፈገግ የምለው ለዚህ ነው። ኢንሹራንሱም አለ። ዕዳዋ ያለቀላትን አሮጌ መኪና ሌላውን ሰው ብቻ በሚክስ ሽፋን መንዳት ይቻላል፤ አበዳሪው ግን ለአዲሷ ሙሉ ሽፋን ይጠይቃል። የስፖርት መኪና ስለተውኩ ክፍያዬ ይወርዳል ያለ ሰው ሊደነግጥ ይችላል። አሌክሳንድሪያና ስፕሪንግፊልድ ባሉባት ቨርጂኒያ ደግሞ ካውንቲው ወይም ከተማው በየዓመቱ በመኪናው ግምት ልክ ግብር ያስከፍላል። ይባስ ብሎ ግዛቷ በጋሎን 25 ማይልና ከዚያ በላይ ከሚሄድ መኪና የመንገድ አጠቃቀም ክፍያ ትሰበስባለች፤ ነዳጅ ስለቆጠቡ መቀጣት ይመስላል፣ ምክንያቱ ግን ከነዳጅ ቀረጥ የሚቀርባትን ለመተካት ነው።

ታዲያ ለምን ይለወጣል? በአሮጌዋ ጋራዥ መዋል ምክንያት ነው። ፍሪሲዮኗ ያልቃል፣ የመስኮት ሞተሯ ይቃጠላል፣ ሰፊ ጎማዎቿ ቶሎ ይበላሉ፣ ከ2005 ጀምሮ የወጡ አንዳንድ ሞተሮቿም ዘይት በመብላት የታወቁ ናቸው። የብድሩንና የነዳጁን ልዩነት ለማካካስ ጥገናው በወር ወደ 360 ዶላር መድረስ አለበት። ሁለት ከባድ ብልሽት ባለበት ዓመት ይደርሳል፤ ጤናማ ከሆነች ግን አይጠጋም። እዚህ ላይ ግን መዘንጋት የሌለበት፣ ዕዳው ሲያልቅ እጅዎ ላይ ገና ዋጋ ያላት የአምስት ዓመት መኪና መቅረቷ ነው። መኪናዋ ስለቆመች ከሥራ የቀሩበት ቀንም ገንዘብ ነው።

ሃይብሪድ ለዚህ መንገድ የሚስማማው በአሠራሩ ነው። ፍሬን ሲይዙ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ፣ በሙቀት መልክ ይባክን የነበረውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። መኪናዋ ስትቆም የቤንዚን ሞተሩ ይጠፋል፤ ቀስ ብላ ስትንቀሳቀስ ብዙውን ጊዜ በባትሪው ብቻ ትሄዳለች። ስለዚህ ኮሮላዋ ከተማ ውስጥ በጋሎን 53፣ አውራ ጎዳና ላይ 46 ማይል ትሄዳለች። የ350ዚ ነገር የተገላቢጦሽ ነው፤ መጨናነቅ ውስጥ ነው አብዝታ የምትጠጣው። ባትሪው ያሳስበኛል ለሚል፣ ቶዮታ ለሃይብሪድ ባትሪው 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚሞላው ድረስ ዋስትና ይሰጣል። ከኋላ የልጅ ወንበር ማሰር መቻሉ፣ የኋላ ካሜራውና አደጋ ሲያይ ራሱ የሚይዘው ፍሬን ደግሞ በዶላር አይተመኑም።

አሮጌዋን ለዲለሩ በልዋጭ ለመስጠት አይቸኩሉ። በብዙ ግዛቶች የልዋጩ ዋጋ ከአዲሷ ዋጋ ላይ ተቀንሶ ስለሚታሰብ የሽያጭ ግብሩ ይቀንሳል። ቨርጂኒያ ግን 4.15 በመቶውን ከሙሉው ዋጋ ላይ ትወስዳለች፤ ራስዎ ለግለሰብ ቢሸጡ የሚያጡት የግብር ጥቅም የለም። በደንብ የተያዘች ማኑዋል 350ዚ ፈላጊ አላት። አገር ቤት ልላካት የሚል ካለ ደግሞ ይተወው፤ ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች።

መኪናዋ ጤነኛ ከሆነች፣ ሥራም በሜትሮ የሚኬድ ከሆነ፣ ለቅዳሜና እሑድ ብትቆይ እኔ አልቃወምም። ለመለወጥ ከቆረጡ ግን በመጀመሪያ ያለፉትን ሁለት ዓመታት የጋራዥ ደረሰኞች ይደምሩ። ከዚያ ሻጩ «በወር ስንት መክፈል ይችላሉ?» ሲልዎ አይመልሱለት፤ ግብሩንና ክፍያውን ሁሉ ጨምሮ የመጨረሻውን ዋጋ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁት።