ስለ ስልክ ማማዎች መተባበር

ደንበኛው በስልኩ ክፍያ ሲልክ፥ ስልኩ የሞገዱን ምልክት ሞልቶ እያሳየ ገንዘቡ ሳይደርስ ሲዘገይ፥ ባለሱቁ የሚወቅሰው የማማውን ድካም ነው። ይሁን እንጂ ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ የተለየ ሆኖ ይገኛል፤ ይኸውም ሱቁ በሁለት ማማዎች ወሰን ላይ ሲሆን የሁለቱ ሞገድ በተቀራረበ ኃይል እየደረሰ እርስ በርሱ መጠላለፉ ነው።

በሁለተኛው ትውልድ ስልክ አሠራር ጎረቤት ማማዎች የተለያየ ሞገድ ይመደብላቸዋል። መጠላለፉ በዚህ ቢቀንስም፥ እያንዳንዱ ማማ ከካፒታሉ ጥቂቱን ብቻ እንደሚያሠራ ነጋዴ ነው። ኤልቲኢ የሚባለው አራተኛው ትውልድ ማማዎች ሁሉ በአንድ ዓይነት ሞገድ እንዲሠሩ ስለ ፈቀደ፥ ለማማው ቅርብ የሆነው ደንበኛ ተጠቀመ፤ በወሰን ያለው ግን ተጎዳ። ኃይል መጨመርም መድኃኒት አይሆንም፤ ሁለቱም ማማዎች ኃይላቸውን እጥፍ ቢያደርጉ የሚፈለገውም የሚረብሸውም እኩል ያድጋል። በአንድ መተላለፊያ ሁለት ሻጮች ቢጯጯሁ ገዢው የአንዱንም ዋጋ እንደማይለይ ያለ ነው።

ስለዚህ መሐንዲሶች ማማዎቹን ማስማማት መረጡ። ስሪ ጂ ፒ ፒ የተባለው ዓለም አቀፍ የደንብ አውጪዎች ኅብረት በ2008 እ.ኤ.አ. ባጠናቀቀው የመጀመሪያው የኤልቲኢ ደንብ፥ ጎረቤት ማማዎች ኤክስ ቱ በሚባል መስመር እንዲነጋገሩ አድርጓል፤ አንዱ በየትኛው የሞገድ ክፍል በብርቱ እንደሚልክ ሲያስታውቅ፥ ሌላው በወሰን ያሉትን ደንበኞች በቀረው ክፍል ያስተናግዳል። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ትልቁ ማማ የሴኮንድ አንድ ሺሕኛ በሆኑ የተወሰኑ ጊዜያት ዝም እያለ ትንሹ ጣቢያ እንዲናገር የሚፈቅድ ሥርዓት ታከለ። ቀጥሎ የወጣው ደንብ ከሁሉ የሚደነቅ ነው፤ ሁለት ማማዎች አንዱን መልእክት ወደ አንድ ስልክ በአንድነት ይልካሉ፥ ረባሹም ረዳት ይሆናል። ወጪው ግን ቀላል አይደለም፤ ማማዎቹ ሰዓታቸውን እጅግ በጥብቅ ማስተካከልና በመካከላቸው ፈጣን መስመር፥ ይልቁንም ፋይበር፥ መዘርጋት አለባቸው።

አስመጪዎችን የሚነካው ነገር ከዚህ ላይ ነው። የሞገድ ማጉያ እየተባለ የሚሸጠው ዕቃ የማማዎቹን ስምምነት አያውቅም፤ የተፈለገውንም ያልተፈለገውንም አንድ ላይ ያጎላል፤ ሥራው ወይም አተካከሉ የተበላሸ እንደ ሆነም በማማው ላይ ጩኸት ጨምሮ የጎረቤትን ሱቅ ጭምር ያውካል። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቍጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የቴሌኮም መሣሪያዎችን ዓይነት መርምሮ ስለሚያጸድቅ፥ ዕቃው ከመታዘዙ በፊት ማጽደቂያው መኖሩን፥ የሚያጎላውም ሞገድ የየትኛው ኩባንያ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።